የቢሻው ቤት ቤት ያልሆነበት ሰኔ

ለሚመለከተው ሁሉ፦ የአቶ ቢሻው ቤት ቤት አይደለም።

ይህ ሐሜት አይደለም። «ነገ ይሻላል» የገጠር ቤት ብድርና ቁጠባ ማኅበር፣ የአዲስ ቅዳም ቅርንጫፍ፣ ሰኔ ሃያ አንድ ቀን በባለ ሰባት መስመር ደብዳቤ፣ በክብ ማኅተም አረጋግጦ፣ ለሦስት ክፍሎች ግልባጭ አድርጎ ያሳወቀው እውነት ነው። የመጸዳጃው በር መቀርቀሪያ ያለው ከውስጥ ብቻ ነው። ከውጭ የማይቀረቀር መጸዳጃ መጸዳጃ አይባልም፤ መጸዳጃ የሌለው ቤት ቤት አይባልም፤ ቤት ባልተባለ ነገር ላይ የተሰጠ ብድር ደግሞ አይዘጋም።

ሰኔ ሃያ ስምንት ቀን፣ በዚህ ቤት ባልሆነ ቤት ውስጥ ሰው ሞቶ ተገኘ።

ሟቹ ኢንጂነር ይኸነው ይባላል። ሥራው ማኅበሩ ባበደረው ገንዘብ የተሠሩትን ቤቶች እየዞረ ማየትና ማለቃቸውን በፊርማው ማረጋገጥ ነበር። ብድሩ የሚሰጠው በአራት ክፍል ነው፤ የመጨረሻው የሚለቀቀው ቤቱ አልቆ መሐንዲሱ ሲፈርም ነው፤ ያኔ ፋይሉ ይዘጋል። እስከ ሰኔ ሠላሳ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ካልተዘጋ ግን ቤቱ ለጨረታ ይወጣል። ይህ በውሉ መጨረሻ ላይ በደቃቅ ፊደል ሰፍሯል። ቢሻው ደቃቁን ፊደል ያነበበው ጣራው ከተመታ በኋላ ነበር።

ቢሻው ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ የሚኖር ገበሬ ነው። ዲከረንስ የሚሉትን ግራር ይተክላል፣ ከሰል ያከስላል። ለመስኮቱ መስታወት ሲል ፈረሱን ሸጧል። በአገው ምድር ፈረሱን የሸጠ ወንድ በሠርግም በለቅሶም ምን እንደሚባል የታወቀ ነው፤ እሱ ግን «መስኮት ገብስ አይበላም» እያለ ሲመልስ ከርሟል።

ኢንስፔክተር ሰርክአዲስ በማግስቱ ማለዳ ከቆሰበር ፖሊስ ጣቢያ ተነሥታ ስትደርስ ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። ጭጋጉ ከግራሩ ጫፍ ወርዶ አዲሱን ቤት እስከ መስኮቱ ውጦታል። በሩ ላይ ስትደርስ ጫማዋን አወለቀች። ከጨዋነት አልነበረም፤ ወለል በእግር ሲረገጥ ብዙ ይናገራል ብላ ስለምታምን ነው።

«ከሰል ነው ኢንስፔክተር» አላት አስከሬኑን ሲጠብቅ ያደረው ኮንስታብል። «ሲሚንቶው እርጥብ ስለነበር ሊያደርቀው አቀጣጥሎ፣ ጭሱ ገደለው።»

«ሊያደርቀው መሆኑን ማን ነገረህ?»

«ሁሉም እንደዚያ ይላል።»

«መጀመሪያ ያለው ማን ነው?»

ኮንስታብሉ አሰበ። «የማኅበሩ ሰው። አቶ ወገኔ። ትናንት ሲመሽ ደውለው ነበር።»

ሳሎኑ ውስጥ ግድግዳ ተጠግቶ ሁለት የከሰል ምድጃ ተቀምጧል። መስኮቶቹ ተዘግተዋል። ከምድጃዎቹ በላይ አዲሱ የኖራ ግድግዳ በጥቁር ጭስ ተለብልቧል፤ ከሥራቸው ያለው አዲስ ሲሚንቶ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል። ሟቹ ግድግዳው ጥግ፣ በጀርባው ተንጋሏል።

ሰርክአዲስ ቁጢጥ ብላ ፊቱን አየች። በከሰል አገር የሚሠራ ፖሊስ በየክረምቱ በከሰል የታፈነ ሰው ያያል። የታፈነ ሰው ይቀላል፤ ከንፈሩና ጥፍሩ ቀለም የነካው ይመስላል። ይኸነው ግን አመድ መስሏል። ሹራብ ቆቡን ገለጥ ስታደርግ ከጆሮው በስተኋላ አብጦ የደረቀ ደም አገኘች። ከዚያ ኮንስታብሉን «አንሣው» አለችው።

አነሡት። ወለሉ በሙሉ ደርቆ ነጥቷል፤ ይኸነው የተኛበት ብቻ የሰው ቅርጽ ይዞ እርጥብና ጥቁር ሆኖ ቀርቷል።

«እሳቱ ከመንደዱ በፊት እዚህ ተኝቶ ነበር» አለች። «ሞቶ ነው የተኛው።»

ኮንስታብሉ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሸሸ።

ምርመራው የተካሄደው ከቁልቁለቱ ሥር ባለው በእነ ቢሻው አሮጌ የጭቃ ቤት ነው። የቢሻው ሚስት ዋጋዬ የተቀቀለ ድንች በሰፌድ አቅርባ ነበር፤ ማንም አልነካውም።

በመጀመሪያ የገባው ዑስማን ነው፤ በዳንግላ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ፣ የቢሻውን ቆርቆሮና ሲሚንቶ በዱቤ የሰጠ ሰው። አስከሬኑንም ያገኘው እሱ ነው። ሃያ ስምንት ቀን ሊመሽ ሲል በሞተር ብስክሌቱ እንደመጣ፣ በሩ ገርበብ ብሎ ጭስ ሲወጣ እንዳየ፣ ገብቶ መስኮት ለመክፈት እንኳ እጁ እንዳልታዘዘለት ተናገረ።

«ለምን መጡ ጋሽ ዑስማን?»

«ሲሚንቶዬ ቤት መሆን አለመሆኑን ላይ። ጭራሽ መቃብር ሆኖ ጠበቀኝ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ወለሉ የእርስዎ ቢሆን፣ ብድሩ ደግሞ ነገ የሚዘጋ ቢሆን፣ ምን ያደርጉታል?»

ነጋዴው ጥያቄው የናቀው መሰለው። «ውሃ አጠጣዋለሁ ነዋ። ሰባት ቀን፣ ጠዋትና ማታ። ሲሚንቶ ከጠማው ይሰነጠቃል። ይህን ሳልነግረው ከሱቄ የወጣ ገዢ የለም፤ ያልሰማኝ ተመልሶ እኔን ይሰድበኛል።»

ቀጥሎ ቢሻው ገባ። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ዓይኑን ከበሩ አላነሣም፤ ከበሩ ባሻገር አዲሱ ቤት በጭጋግ ውስጥ ይታያል። ጠላ ቤት «ያ መሐንዲስ እኔው የቆፈርኩት ጉድጓድ ውስጥ ይገባታል» ማለቱን ሰርክአዲስ ሰምታለች፤ እሱም አልካደም። ሁለት ጊዜ ብያለሁ አለ። በዚያ ላይ ሃያ ስምንት ቀን እሱና ሚስቱ ወገኔ ጠርቷቸው አዲስ ቅዳም ቢሮ ነበሩ፤ እሱ ግን ሚስቱን አግዳሚው ላይ ትቶ ፎቶ አንሺ ፍለጋ ለሁለት ሰዓት ያህል ጠፍቷል። ፎቶ አንሺውም አልተገኘም፤ መብራት ጠፍቶ ሱቁን ዘግቶ ነበር።

«አያ ቢሻው፣ መሐንዲሱ ስንት ጊዜ ከለከለዎት?»

«አንድም ቀን።»

«ታዲያ ለምን ረገሙት?»

«ወገኔ ነዋ የሚነግረኝ። መሐንዲሱ ጉርድ ፎቶ አይሆንም፣ ሙሉ ቁመት ይሁን አለ ይለኛል። አመጣሁ። ቤቱ ከጀርባህ ይታይ አለ ይለኛል። አመጣሁ። በሩ ክፍት ነው፣ ዝጋና ተነሣ አለ ይለኛል። ዘግቼ ተነሣሁ። ከዚያ መቀርቀሪያው መጣ።» ድምፁ ዝግ አለ። «መሐንዲሱንማ ሁለት ጊዜ ነው ያየሁት። አንዴ መሠረቱን አይቶ ጥሩ ነው አለኝ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ወለሉ ሲፈስ መጥቶ፣ ውሃ እንዳትነፍገው ብሎኝ ሄደ። ነገ ሠላሳ ነው፣ ኢንስፔክተር።»

ይህን የመጨረሻውን ከመጠየቅ በበለጠ፣ ከመለመን ባነሰ ድምፅ ነበር ያለው።

ዋጋዬ ስትገባ በአገዎቹ ቋንቋ በአውንጊ አንድ ነገር አጉተመተመች። ሰርክአዲስ በአውንጊ መለሰችላት፤ ሴትዮዋ ደንገጥ ብላ ትከሻዋ ፈታ አለ። ከዚያ በኋላ ማቆሚያ አልነበራትም። ያንን ወለል በቀን ስምንት ጀሪካን ከምንጭ እየተሸከመች እንዳጠጣችው፣ በሠላሳ ዓመት ትዳር ባሏን እንኳ ያን ያህል ውሃ አጠጥታው እንደማታውቅ ተናገረች። ሃያ ስምንት ቀን ከሰባት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቢሮው ደጃፍ ተቀምጣ ነበር። ወገኔ በሰባት ሰዓት ኑ ብሎ ራሱ አልነበረም። በሩ ተቆልፎ ነበር።

«አልጠየቁም?»

«ምኑን ልጠይቅ ልጄ? ቢሮ ተቆልፎ አይተሽ አታውቂም?»

ከሰዓት በኋላ ሰርክአዲስ በባጃጅ ወደ አዲስ ቅዳም ወረደች። ወገኔ ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላው፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ጫማው በዚያ ጭቃ ውስጥ እንኳ የሚያበራ ሰው ነው። የቅርንጫፉ የብድር ክትትል ሠራተኛ እንደመሆኑ አርባ ቤት አስዘግቷል፤ ይህ በወረቀት ተጽፎ ከኋላው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ወንበር አቀረበላት። ይኸነውን አመሰገነ፣ አዘነለት፣ ግትር ነበር አለ። ሃያ ስምንት ቀን የት እንደነበር ስትጠይቀው መስክ ወጥቼ ነበር አለ። መስክ የትኛውም ቦታ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ነው የተወደደው።

«የቢሻውን ፋይል ላየው?»

«ለፊርማ ወጥቷል።»

«በኮምፒውተሩስ?»

«ኔትወርክ የለም። እንግዲህ አደጋ ነው ተብሎ ነው የሚጻፈው አይደል? ለማኅበሩ ሪፖርት ማድረግ አለብኝ።»

«ሊሆን ይችላል» አለች። ከዚያ ለዑስማን ያቀረበችውን ያንኑ ጥያቄ ለእሱም አቀረበች። ወለሉ የአንተ ቢሆን፣ መዝጊያው ደግሞ ነገ ቢሆን?

«ማድረቅ ነዋ» አለ ወገኔ። «እርጥብ ወለል ማን ይፈርምበታል? አባቴ ቤት ሲሠራ ሦስት ቀን እሳት አንድዶ አድርቆ ነው ያስገባን። ይኸነውም ያሰበው ይህንኑ ነው። ምስኪን።»

ሰርክአዲስ ብዕሯን ከደነች። ከቢሮው ወጥታ ከባጃጁ ጥላ ሥር ሆና ቆሰበር ወደሚገኘው የማኅበሩ ዋና ቢሮ ደወለች። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ሶስና ፋይሉን አገኘችው፤ ኔትወርክም ነበራት። እያነበበች ሳለ ድምፅዋ እየቀነሰ ሄደ። መጨረሻ ላይ በፋይሉ ውስጥ ያለውን የቤቱን ፎቶ በቴሌግራም ላከችላት።

ሰኔ ሠላሳ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የተጠየቁት አራቱም አዲሱ ቤት ውስጥ ቆመው ነበር። ወንበር የለም። ደመናው ጣራው ላይ የተቀመጠ ይመስላል፤ አንድ ሰው ባሳለ ቁጥር ባዶው ክፍል መልሶ ያስላል። ኮንስታብሉ በሩን ይዟል። ወገኔ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፏል፤ ቢሻው ደግሞ የእጅ ስልኩን ሰዓት በየደቂቃው ያያል።

«ኢንጂነር ይኸነው በከሰል አልሞተም» ብላ ጀመረች ሰርክአዲስ። «ፊቱ አልቀላም፤ ከሥሩ ያለው ሲሚንቶም አልደረቀም። ማለት፣ እሳቱ የተለኮሰው ለሞተ ሰው ነው። ውጭ ደረጃው ላይ ተገፍቶ ይሁን ተመትቶ ወድቋል፤ ዝናቡ ደረጃውን አጥቦታል። ከዚያ ተጎትቶ ገባ። ገዳዩ አደጋ ለማስመሰል ከአሮጌው ቤት ደጅ ሁለት ምድጃ፣ ከጓሮ ከሰል አመጣ። ከዚያ ሁለት ነገር አበላሸ።»

ወደ ጠቆረው ግድግዳ አመለከተች።

«አንደኛው ይህ ነው። የዚህ የፋግታ አገር ሰው ከሰል የሚያያይዘው ደጅ ነው፤ ነበልባሉ አልፎ አመድ ሲለብስ ያስገባዋል። ይህኛው እዚሁ ተለኮሰ፤ ለዚያውም ገና በደንብ ካልከሰለው ጆንያ ተዝቆ። አያ ቢሻው ከሰል አክስሎ አዳሪ ነው፤ እንዲህ ቢያደርግ እጁ ራሱ ይታዘበዋል።»

ቢሻው ባርኔጣውን አጥብቆ ያዘ።

«ሁለተኛው ይበልጣል። እሳቱ ወለሉን ለማድረቅ ነበር ተባለ። የጭቃ ቤት በእሳት ይደርቃል፤ ሁላችንም ያደግነው በዚያ ነው። ሲሚንቶ ግን ውሃ ነው የሚፈልገው። ይኸነው መሐንዲስ ነው፤ ውሃ አጠጡት ያለው ራሱ ነው። ጋሽ ዑስማን ሲሚንቶ ሻጭ ናቸው። እትዬ ዋጋዬ ጀርባቸው እስኪጎብጥ አጠጥተውታል። እርጥበቱን ሲያይ ‹ያልደረቀ ነው፣ እሳት ይፈልጋል› ብሎ የሚያስብ፣ ከመካከላችን አንድ ሰው ብቻ ነው። አርባ ቤት አስዘግቷል። አንዱንም ገብቶ አላየም።»

ማንም ወደ ወገኔ አልዞረም። መዞር አላስፈለጋቸውም።

«ይሄ ግምት ነው» አለ ወገኔ በለስላሳ ድምፁ። «ሲሚንቶ አለማወቅ ወንጀል አይደለም።»

«አይደለም። ጋሽ ዑስማን፣ ይህን ፎቶ ይዩልኝ።»

ዑስማን ስልኩን ከዓይኑ አርቆ፣ አቅርቦ አየ። «ይህ የቢሻው ቤት ነው የተባለው? ለቢሻው የሸጥኩለት ነጭ ቆርቆሮ ነው። ይህ ሰማያዊ ነው። በሕይወቴ ሰማያዊ ሸጬ አላውቅም።»

«ይህ ፎቶ ከነመሐንዲሱ ፊርማ በፋይሉ ውስጥ ያለው ከመጋቢት አሥራ ሁለት ጀምሮ ነው። አያ ቢሻው፣ ፋይሉ እንደሚለው የመጨረሻውን የብድር ክፍል መጋቢት ላይ ወስደዋል፤ ጣትዎንም አትመዋል።»

«እኔ?» አለ ቢሻው። «መጋቢት ላይ ጣራ እንኳ አልነበረኝም።»

«ለዚህ ነው ፋይልዎ እንዳይዘጋ የተደረገው። ገንዘቡን ወገኔ ወስዶ፣ በዋናው ቢሮ መዝገብ አስቀድሞ አስዘግቶታላ። ፎቶው፣ በሩ፣ መቀርቀሪያው፣ ሁሉም ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት እስኪያልፍ ድረስ ነበር። ቤቱ ለጨረታ ወጥቶ፣ ፋይሉ ከሌሎቹ ሥር ይቀበር ነበር። ይኸነው ግን ሃያ ስምንት ቀን ሳይጠራ መጣ፤ የገዛ ፊርማውን ያልፈረመበት ቦታ አይቶታል። ወገኔን እዚህ ቀጠረው። ወገኔም ባለቤቶቹን ቢሮ ጠርቶ አስቀመጠና፣ እሱ ወደ ቤታቸው መጣ።» ወደ እሱ አንድ እርምጃ ቀረበች። «ቦርሳህን ክፈት።»

«መብቴን አውቃለሁ።»

«ፍርድ ቤቱ የፈቀደልኝ ወረቀት ይኸው። እኔም አንድ ነገር አውቃለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሮ የሠራ ሰው፣ ሰው ሊገድል ይችላል፤ ማኅተም ያረፈበት ዋና ወረቀት መቅደድ ግን እጁ አይደፍርም።»

ቦርሳውን የከፈተው ኮንስታብሉ ነው። በፕላስቲክ መያዣ ውስጥ፣ በእርጥበት ጠርዙ የተኮማተረ አንድ ገጽ ነበር፤ ሰኔ ሃያ ስምንት ቀን በይኸነው እጅ የተጻፈ፣ የተፈረመና የታተመ። ሰርክአዲስ ጮክ ብላ አነበበችው። የአቶ ቢሻው ቤት ተጠናቋል፤ የመጨረሻው ክፍያ እንዲለቀቅና ፋይሉ እንዲዘጋ። ከሥሩ ደግሞ፦ መጋቢት አሥራ ሁለት በስሜ የተፈረመው የእኔ አይደለም።

ዋጋዬ ግድግዳው ላይ ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ወገኔ ግን እጁ ሲታሰር እንኳ ፊቱ አልተለወጠም። ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ነበር።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሰርክአዲስ ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ደውላ የሆነውን ነገረችው። ሰውየው ደንግጦ ነበር፤ ቢሆንም ሥራ አስኪያጅ ነው። የመሐንዲሱ ማረጋገጫ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከደረሰ መጋቢት ላይ የተደረገውን ይሰርዛል፣ ጨረታውንም ያስቀራል። ካልደረሰ የጨረታው ደብዳቤ ተጽፎ ያለቀ ነው፣ ይወጣል። ፎቶ ኮፒ አይቀበልም፤ በስልክ የተነሣ ምስልም አይቀበልም። ዋናው ነው የሚያስፈልገው።

ፍርድ ቤትም የሚፈልገው ዋናውን ነው። ዋናው ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

ካፊያው ቆርቆሮውን ይመታል። ቢሻው ምንም አልለመነም። እግሩ አጠገብ የተሰነጣጠቀውን ሲሚንቶ እያየ ነበር፤ ስንት ጀሪካን ቢያጠጣው እንደሚድን የሚያስብ ይመስል።

ሰርክአዲስ ወረቀቱን ከነመያዣው ለእሱ ሰጠችው።

«ኢንስፔክተር» አለ ኮንስታብሉ፣ «ይሄ ኤግዚቢት ነው።»

«ጋሽ ዑስማን፣ ሞተርዎ ነዳጅ አለው?»

ዑስማን ሞተሩን ሊያስነሣ ወጣ። ፈረሰኛው ቢሻው ነጋዴው ጀርባ ተፈናጦ፣ በአንድ እጁ ወገቡን ይዞ፣ በሌላው ደረቱ ውስጥ የከተተውን ወረቀት ደግፎ፣ ጭቃውን እየረጩ ቁልቁለቱን ወረዱ።

ወገኔ ጭጋጉ እስኪውጣቸው ድረስ በመስኮቱ አያቸው። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

«እንግዲህ ፍርድ ቤት እንገናኛለን» አለ። «ዋናውን ይዛችሁ ኑ።»

አሥር ሰዓት ከአርባ ላይ የዋጋዬ ስልክ ጮኸ። ቢሻው ነበር። ተቀበሉት፣ ማኅተም መቱበት፣ ጨረታው ቀረ። ስልኩን ዘግታ ተነሣችና ጀሪካኗን ይዛ ወደ ምንጭ ወረደች።

የሰርክአዲስ ስልክ የጮኸው ከዚያ በኋላ ነው። ከቆሰበር አዛዧ ነበሩ። ኮንስታብሉ ሳይነግራቸው አልቀረም።

«ብቸኛውን ዋና ማስረጃ ለተበዳሪው ሰጠሽው የሚባለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እዚያ ቢሮ የገባ ወረቀት ተመልሶ ሲወጣ አይተሽ ታውቂያለሽ? የሰውየው ጓደኞች ናቸው መዝገቡን የያዙት። ነገ ጠበቃው ወረቀቱ የታለ ሲል ምን ልትይ ነው? ነፍሰ ገዳይ በነፃ ሊወጣ ይችላል እኮ።»

«አውቃለሁ ጌታዬ።»

«እያወቅሽ ነው ያደረግሽው?»

«እያወቅሁ ነው።»

«ለምን?»

ውጭ ወገኔ በፖሊስ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ የሚያበራ ጫማውን ከጭቃ እያራቀ ነበር።

«ለምን እንደሆነ አልናገርም።»

«እንግዲያው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በጽሑፍ ትገልጫለሽ።»

«በጽሑፍም አልገልጽም» አለች ሰርክአዲስ።